ግማሽ ቀን የሚሉት ሰው

በሩስትሆፍ መንደር እናት ያወጣችው ስም ለቤተ ክርስቲያን መዝገብና ለመቃብር ድንጋይ ካልሆነ ብዙም አያገለግልም። ሰው የሚጠራው መንደሩ ባወጣለት ስም ነው። ኦብሪ አድሪያንስም "ግማሽ ቀን" ከተባለ ሠላሳ አራት ዓመት ሆኖታል። ሰነፍ ሆኖ አይደለም፤ እንዲያውም በመንደራችን እንደ እሱ ሰዓት የሚያከብር ሰው የለም። ስሙን ያመጣበት ክሪኬት ነው። አንድም ጨዋታ ከመጀመሪያው ኳስ እስከ መጨረሻው ተቀምጦ አይቶ አያውቅም።

ጥፋቱ የባሕሩ ነው። ባሕሩ ሲሞላ መንደራችን ከባሕሩ ዝቅ ብላ ነው የምትገኘው፤ ግንቡ ባይኖር ኖሮ ዓሣ ጓዳችን ድረስ ገብቶ ይጎበኘን ነበር። የዝናቡ ውሃ ሁሉ በየቦዩ ተሰብስቦ ወደ ኮከሩ ይሄዳል። ኮከሩ ግንቡ ላይ የተበጀ የውሃ በር ነው። ባሕሩ ሲጎድል ጠባቂው መዘውሩን አዙሮ ከባዱን ሳንቃ በሰንሰለት ያነሣል፣ ውሃውም ይወጣል፤ ባሕሩ ሲመለስ ሳንቃው መውረድ አለበት። አለዚያ ጨው ውሃ ገብቶ የሩዙን ቡቃያ ያቃጥለዋል። ባሕር ደግሞ እሑድ አያውቅ፣ ሠርግ አያውቅ፤ በየቀኑ ሃምሳ ደቂቃ ያህል እየዘገየ፣ ዛሬ በቁርስ ሰዓት፣ በሳምንቱ በምሳ ሰዓት ይመጣል። ኦብሪ በራሱ ሠርግ ቀን ኬኩ ሳይቆረጥ ተነሥቶ ሄዶ፣ አዲሱን ሱሪውን ጭቃ አልብሶ ተመልሷል። ሚስቱ ነፍሷን ይማረውና "እኔ እኮ ሁለተኛዋ ነኝ፤ የመጀመሪያዋ በሰንሰለት የታሰረችው ናት" እያለች ታስቅ ነበር።

ከሁሉ ከሁሉ የሚቆጨው የሞሃቢር ምት ነው። ሞሃቢር የልጅነት ጓደኛው ነው፤ ሩዝ ገበሬ፣ አጭር፣ ምላሱ ረጅም። ከሠላሳ ዓመት በፊት ከሜሪላንድስ መንደር ጋር በተደረገው የዋንጫ ጨዋታ ሞሃቢር የመጨረሻዋን ኳስ ከሜዳው አውጥቶ ሩስትሆፍን የማይረሳ ድል አቀዳጃት። ኦብሪ ያኔ ኮከሩ ላይ ሰንሰለት ይዞ ነበር። ሆታውን ሰማ እንጂ ኳሷን አላየም። ሞሃቢር ያንን ምት ከዚያ ወዲህ ሲነግረው ኖሯል፤ ኳሷም በየዓመቱ እየራቀች ሄዳለች። መጀመሪያ የማንጎው ዛፍ ሥር ነበር የወደቀችው። ከዚያ መንገዱን ተሻገረች። አሁን በቅርቡ በሚሄድ አውቶቡስ መስኮት ገብታ የአንዲት ሴትዮ ቅርጫት ውስጥ አርፋለች።

ዘንድሮ ኦብሪ በስድሳ ስድስት ዓመቱ ጡረታ ወጣ። ጠባቂ ማን ይሁን ሲባል የመንደሩ ምክር ቤት በፊትዝሮይ ላይ ተከራከረ። ፊትዝሮይ ሠላሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ትከሻው ሰፊ፣ የቡድናችን ፈጣን ወርዋሪ። "ልቡ ኳስ ላይ ነው፤ በር አይጠብቅም" ያሉ ብዙ ነበሩ። ኦብሪ ብድግ ብሎ "እኔ ስድስት ወር አስተምሬዋለሁ። እሱ ካጠፋ እኔን ጠይቁ" አለ። በስብሰባ ላይ ሲናገር ያኔ የመጀመሪያው ነበር፤ ቃሉ ቃል ነውና በሩ ለፊትዝሮይ ተሰጠው።

እንግዲህ ዘንድሮም ዋንጫው ከሜሪላንድስ ጋር ሆነ። ኦብሪም ዕድሜ ልኩን የተመኘውን ሊያደርግ ቆረጠ፤ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ቅርጫት ይዞ ሄዶ እስከ መጨረሻው ኳስ ሊቀመጥ። ሁለተኛዋ ጓደኛ ኢነዝ ናት፤ ጡረታ የወጣች አስተማሪ፣ አርባ ዓመት የቡድኑን ነጥብ ስትመዘግብ የኖረች። መዝገቧን የነካ ሰው እጁን አጥቶ ይሄዳል ይባላል።

እሑድ ጠዋት ኢነዝ ከለውዙ ዛፍ ሥር ጠረጴዛዋን ዘርግታ ጠበቀቻቸው።

"ሰዓትህን ወዲህ በል" አለችው ኦብሪን፣ ሰላምታም ሳትሰጠው።

"ሰዓቴን ምን ልታደርጊው?"

"ቅርጫት ውስጥ ከሩዙ ጋር ይቀመጣል። አንተ ሰዓት ካየህ ባሕር ትዝ ይልሃል፤ ባሕር ትዝ ካለህ ትነሣለህ።"

"ስለ በሩም አንድ ቃል ከተነፈስክ" አለ ሞሃቢር፣ "ቅጣት አለብህ። የኔን ምት ከሀ እስከ ፐ ትሰማለህ።"

"ኧረ በናትህ! ለነፍሰ ገዳይም እንዲህ አይፈረድበት" አለ ኦብሪ፣ ሰዓቱን እየፈታ።

ሞሃቢር ወገቡ ላይ መዶሻ ሸጉጧል። በዛፉ ላይ የድሮው ባቡር ሐዲድ ቁራጭ ተንጠልጥሏል፤ ሩስትሆፍ ስታሸንፍ ብቻ ይመታል፤ የሚመታውም ሞሃቢር ነው። ያን መብት ያቺ ኳስ ናት ያስገኘችለት፤ መዶሻውንም ቤቱ ነው የሚያሳድረው። እሱን ካመንነው እንዲያውም ትራሱ ሥር ነው።

ሁለት ቀን ሙሉ ዝናብ ወርዶ ሜዳው ሩዝ የሚተከልበት መስሎ ነበር። ዳኞቹ አፈሩን በጫማቸው እየወጉ ራሳቸውን ነቀነቁ። ባሕሩ ግን ጎድሎ ነበርና ኮከሩ ተከፍቶ፣ በሜዳው ዳር የሚያልፈው ቦይ ሽው እያለ ወደ ባሕር ይፈስ ነበር። ውሃው እየቀነሰ፣ ሣሩ ራሱን እያቀና መጣ። ሰው ሁሉ ፀሐይዋን አመሰገነ። ኦብሪ ግን ቦዩን አየ፤ ፀሐይ ብቻዋን ሜዳ አታደርቅም፤ እሱ ያውቃል። ሠላሳ አራት ዓመት ማንም ልብ ሳይለው ሰው የሚጫወትበትን መሬት ከባሕር እየነጠቀ ያወጣ እሱ ነው፤ ዛሬ ተቀምጦ ሲያየው ደረቱ ሞላ።

ጨዋታው ከቀትር እንዲጀመር ተቆረጠ። ፊትዝሮይ ነጭ ልብሱን ለብሶ ሲያልፍ ጎንበስ ብሎ ሰላም አላቸው።

"አጎቴ ኦብሪ፣ ዛሬ ሙሉ ቀን ነዎት አሉ።"

"ሙሉ ቀን ነኝ ልጄ።"

ፊትዝሮይ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ካፒቴኑ ሜዳው ትንሽ ይድረቅ ብሎ ለምኖኝ ነው። የኛ ተራ ደርሶ እስክንመታ ድረስ በሩን ክፍት አቆየዋለሁ። እኔ የመጨረሻው መቺ ነኝ፤ ሌሎቹ የኛ ልጆች ሲመቱ ሮጬ ዘግቼ እመለሳለሁ።"

ኦብሪ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ሊለው አፉን ከፈተ። ሞሃቢር መዶሻውን እያሻሸ "እህ? ስለ ምንድን ነው ወሬው?" ሲል አፉን መልሶ ዘጋ። ያቺን ኳስ ደግሞ አውቶቡስ ውስጥ ሊከተላት አልፈለገም።

መጀመሪያ ሜሪላንድሶች መቱ። ፊትዝሮይ ከሩቅ ተንደርድሮ እየመጣ ሲወረውር ከመቺው ኋላ የተተከሉት ሦስቱ እንጨቶች ሁለቴ ተበታትነው ሁለት መቺ ከጨዋታ ወጣ። ሦስቱ ጓደኛሞች በኮኮናት ወተት የተሠራውን ሩዝ በሉ፤ የሞሃቢር ሚስት ከአተር ዱቄት አድቦልቡላ የጠበሰችውን ፉሉሪ በሚያቃጥለው የማንጎ ማባያ፣ በአቻር፣ እያጠቀሱ ጨረሱ፤ ከዛፍ ቅርፊት የሚፈላውን መራራ መጠጥ፣ ማቢን፣ ከነበረዶው ጠጡ። ሞሃቢር የሜሪላንድስን መቺዎች አንድ በአንድ ሰደባቸው።

"አንተ ረጅሙ! ዱላውን የያዝከው ዓሣ ልታጠምድበት ነው?"

"ዝም በል፤ አጎቱ እዚሁ ከኋላህ ተቀምጧል" አለችው ኢነዝ፣ ዓይኗን ከመዝገቡ ሳታነሣ።

"ታዲያ ይስማ! ዘመድ ካልመከረው ማን ይምከረው?"

ሜሪላንድስ መቶ አርባ አንድ ነጥብ አግብተው ወጡ። ለሩስትሆፍ ሃያ አምስት ጊዜ ስድስት ስድስት ኳስ ተሰጣት፤ መቶ አርባ ሁለት ካገባች ዋንጫው የሷ ነው። አሁን ፊትዝሮይ ብስክሌቱን አንሥቶ ወደ ግንቡ ሲበር ይታያል ብሎ ኦብሪ ጠበቀ። ፊትዝሮይ የመጣው ግን የቅልጥም መከላከያውን አስሮ፣ መምቻውን ይዞ ነበር። ሣሩ ገና እርጥብ ስለሆነ ኳስ በመሬት አይሮጥም፤ በአየር የሚያሻግር ጉልበተኛ ያስፈልጋል ብሎ ካፒቴኑ በመጨረሻው ምትክ በመጀመሪያ ሰደደው። ፊትዝሮይ ወደ ግንቡ እያመለከተ ሲከራከር ከሩቅ ይታያል።

"ምን እያለ ነው?" አለ ኦብሪ።

ከካፒቴኑ አጠገብ የነበረ ሰው እየሳቀ መጣ። "በሩስ ይለዋል። ካፒቴኑ ደግሞ ባሕሩ የትም አይሄድም አለው።"

"እሱማ የትም አይሄድም" አለ ኦብሪ። "ችግሩ መምጣቱ ነው።"

ሞሃቢር ጣቱን ቀሰረ። "ተናገርክ! እንግዲህ ስማ። ያን ቀን ነፋሱ ከምሥራቅ ነበር..."

ኦብሪ ግን አልሰማውም። ዓይኑ ቦዩ ላይ ነው። በቦዩ ውስጥ አንድ የኮኮናት ልጣጭ ጠዋት ወደ ባሕር ሲሄድ አይቶት፣ ሳር ይዞት ቀርቶ ነበር። አሁን ልጣጩ ቆሟል። ጥቂት ቆይቶ ዞረ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ እየተጫወተ፣ ወደ መንደር መምጣት ጀመረ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል፤ ሲመጣም እያሳሳቀ ነው።

ሜዳው ላይ ደግሞ ጉድ ፈላ። ፊትዝሮይ መምቻውን እንደ እብድ ያወዛውዝ ጀመር። መተው ያለበትን ኳስ ሁሉ ይመታል፤ ዓይኑን ጨፍኖ ነው የሚል ሰው አይሳሳትም። የመጀመሪያዋ ከለውዙ ዛፍ በላይ አለፈች፤ ስድስት ነጥብ። ሁለተኛዋን በስሕተት ጫፏን ነካት፤ አራት ነጥብ። ሦስተኛዋን ሜሪላንድሶች በአየር ቀልበው ከጨዋታ ሊያስወጡት ሁለት ሰዎች ሮጠው ተላተሙና ጣሏት። ሕዝቡ አበደ።

"ይሄ ነው ወንድ!" አለ ሞሃቢር፣ ጉልበቱን እየመታ። "ፍርሃት የሚባል አልፈጠረበትም!"

ኦብሪ የፊትዝሮይን ፊት አየ። ሰውየው ከእያንዳንዱ ምት በኋላ የሚያየው ኳሷን አይደለም፤ ቦዩን ነው። ያኔ ገባው።

"ሞሃ" አለ፣ "ሊያሸንፍ አይደለም እንዲህ የሚመታው። መውጣት ነው የሚፈልገው። ውጣ እንዲሉት ነው። ሄዶ በሩን ሊዘጋ።"

ሞሃቢር ዞረ። ቦዩን አየ፤ ልጣጩን አየ። ሩዙ፣ የገዛ ልጁ የተከለው የአሥር ቀን ቡቃያ፣ ከቦዩ ጫፍ ነው ያለው። "ወይኔ" አለ ቀስ ብሎ።

ኦብሪ ተነሣ። በዚያች ቅጽበት የሚወደው ነገር ሁሉ ከፊቱ ነበር፤ ዋንጫው፣ ጓደኞቹ፣ ያልጨረሰው ማቢ፣ ዕድሜ ልኩን የጠበቀው የመጨረሻ ኳስ። እውነቱን ለመናገር መሄድ አልፈለገም። ግን ፊትዝሮይ አንዴ ደግሞ እንዲህ ከመታ ይቀለባል፤ ካልተቀለበ ደግሞ ባሕሩ ሩዙ ውስጥ ይገባል። ወደ ሜዳው ጠርዝ ሄዶ ባርኔጣውን አወለበለበ። ፊትዝሮይ አየው። ኦብሪ በጣቱ ራሱን አሳየ፣ ቀጥሎ ግንቡን፣ ከዚያ ክንዱን ወደ ላይ ዘርግቶ እንደ ሳንቃ ቀስ አድርጎ አወረደው።

ፊትዝሮይ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ራሱን ዝቅ አደረገ። መከላከያውን አስተካክሎ፣ እግሩን ተክሎ ቆመ። ቀጣይዋን ኳስ እንደ ጨዋ ሰው ለስለስ አድርጎ አስቆማት።

"ሂድ" አለችው ኢነዝ። ሰዓቱን ከቅርጫቱ አውጥታ ሰጠችው። "የቀረውን እኔ እጽፍልሃለሁ።"

ብስክሌቱን ሲያነሣ ከኋላው የወንበር መንሸራተት ሰማ። ሞሃቢር እያነከሰ መጥቶ ኋላ መቀመጫው ላይ ወጣ።

"አንተ ደግሞ ወዴት ነህ?"

"ንዳ! ሠላሳ ዓመት ያላየኸውን ስተርክልህ ደክሞኛል። ይቺን ግን አብረን እናጣታለን።"

"ክብደትህ እኮ..."

"ክብደቴ የፉሉሪ ነው፤ ሚስቴን ውቀስ!"

ሁለት ሽማግሌ በአንድ ብስክሌት፣ በጭቃ በተለወሰው የድልድል መንገድ፣ ሁለቴ ወድቀው አንዴ ተሰዳድበው ኮከሩ ጋ ደረሱ። ባሕሩ በተከፈተው በር እየተገለባበጠ ይገባል። ኦብሪ የመዘውሩን ማገጃ አላቀቀ፤ ሳንቃው እየጮኸ ወረደ፣ ግማሽ ላይ ሲደርስ ቆመ። ሥሩ ግንድ ተሸጉጧል።

"ተጣበቀ! ምን ይሻላል?" አለ ሞሃቢር።

"አትጩህባት። ትሰማለች።" ኦብሪ መዘውሩን አንድ ክንድ ያህል መልሶ አነሣና ለቀቀው። ሳንቃው ግንዱን መታው። ደግሞ አነሣ። ስምንት ወር ያረፈ ክንድ ነው፤ ቶሎ ደከመ። ሞሃቢር ከጎኑ ገብቶ መዘውሩን አብሮ ጨበጠ። በሦስተኛው ግንዱ ተሰብሮ ውሃው ወሰደው፤ ሳንቃውም ጥርቅም ብሎ መሬቱ ላይ ተቀመጠ። ከወዲያ ባሕሩ ሳንቃውን ይመታል፤ ከወዲህ ቦዩ ጸጥ አለ። ኦብሪ በድልድሉ ዳር ሩዙ እስከሚጀምርበት ድረስ ሄዶ ውሃውን በጣቱ ቀመሰ። ጨው ጨው አላለም። የዝናብ ውሃ ነው።

ግንቡ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ሜዳው ከዛፎቹ ማዶ ነው፤ አይታይም። ሰዓቱ ሄደ። አንዳንዴ ጭብጨባ፣ አንዳንዴ ኡኡታ ይመጣል፤ የማን እንደሆነ ለመለየት ሁለቱም ጆሯቸውን ጥለው ያዳምጣሉ። በመጨረሻ አንድ ትልቅ ሆታ ተነሣ። ሞሃቢር የኦብሪን ክንድ ጨመቀ። ሐዲዱ እስኪመታ ጠበቁ። አልተመታም።

"አልመቱትም" አለ ሞሃቢር።

"እንጃ፣ ዘግይተው ይሆናል።"

"ምን ይዘገያል? ሆታው የሜሪላንድስ ነው። ተሸነፍን።" ሞሃቢር አንገቱን ደፋ። ኦብሪም ከራሱ ጋር ተሟገተ። እሱ ባያስቆመው ፊትዝሮይ እንደ እብዱ እየመታ ያሸንፍ ነበር ይሆን? ይህን ሐሳብ ለጓደኛው አልነገረውም።

በድልድሉ ላይ የሚሮጥ ሰው ታየ። ነጭ ልብሱ እስከ ወገቡ ጭቃ ነው፤ መከላከያው ቅልጥሙ ላይ እየተንጓጓ፣ መምቻውን እንደያዘ ነው። ፊትዝሮይ ነው። ማንም አልተከተለውም። ገና ከሩቅ፣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ ጮኸ።

"አጎቴ! በሩ ወርዷል?"

"ወርዷል።"

"ጥርቅም ብሎ?"

"ጥርቅም ብሎ። ሩዙ ደህና ነው።"

ፊትዝሮይ መምቻውን ጥሎ ጭቃው ላይ ቁጭ አለ። ፊቱን በሁለት እጁ ያዘ። "ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ሁለተኛ አይደገምም" አለ።

ኦብሪ ቆሞ አየው። በስብሰባው ላይ ዋስ የሆነለት ሰው ይሄ ነው፤ ያጠፋም ይሄው፣ ከዋንጫ ሜዳ ዋንጫውን ትቶ በሩን ሊጠይቅ የሮጠም ይሄው ነው። ኮራበትና ጎንበስ ብሎ የፊትዝሮይን የመከላከያ ማሰሪያ ይፈታለት ጀመር። "ይበቃል፤ ተነሥ" አለው። "ነገ ሃምሳ ደቂቃ ዘግይቶ ነው፤ አትርሳ።"

ሞሃቢር ግን ከዚህ በላይ መታገሥ አልቻለም። "አንተ ሰውዬ! በሩስ ወርዷል፤ እኛስ?"

ፊትዝሮይ ቀና አለ፤ እንደ ረሳው ሰው ሆነ። "አሸነፍን እኮ! በመጨረሻዋ ኳስ። አራት መታሁና በዚያው ሩጫዬ መጣሁ፤ አልቆምኩም።"

"አሸነፍን? ታዲያ ሐዲዱን ምን በላው? ለምን አልመቱትም?"

"ስሮጥ ከኋላዬ መዶሻው የታለ፣ መዶሻው የታለ እያሉ ሲተራመሱ ሰማሁ።"

ሞሃቢር እጁን ወገቡ ላይ አደረገ። መዶሻው እዚያው ነው። እሱና ኦብሪ ተያዩ፤ ከዚያ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ፤ ሞሃቢር እንዲያውም ጉልበቱን ይዞ ግንቡ ላይ ተጋደመ።

የኮከሩ መዘውር ወፍራም ብረት ነው፤ የሰው ቁመት ያክላል። ልጆች ድንጋይ ሲወረውሩበት ኦብሪ ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ሲያባርር ኖሯል፤ ጠባቂ እንጂ ደወል ደዋይ አይደለሁም ይል ነበር። አሁን ሰዓቱን አጥልቆ፣ ባርኔጣውን አስተካክሎ፣ ከመዘውሩ ዞር አለ።

"ምታው" አለ።

ሞሃቢር ተጠራጠረ። "ይቺን? አንተ እያየህ?"

"ምታው እንጂ! ሰው እየጠበቀ ነው።"

ሞሃቢር መዶሻውን በሁለት እጁ አንሥቶ አሳረፈው። ድምፁ በግንቡ፣ በሩዙ ላይ፣ በቦዩ ላይ ሄደ። ሁለተኛውን ፊትዝሮይ መታ። ሦስተኛውን ለኦብሪ ሰጡት። መትቶ ሳይጨርስ ከዛፎቹ ማዶ የመላው ሩስትሆፍ ሆታ መልስ ሆኖ መጣ፤ የመጨረሻዋን ኳስ ያላየው ሰው ይህችን ሆታ ግን ቆሞ፣ እስክታልቅ ድረስ ሰማት።